አዋሽ ባሕር ሳይደርስ ለምን ይቀራል? ከግንጪ እስከ አቤ ያላችሁ ወዲህ በሉ

መምህሩ (የክሩ ጀማሪ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደብረ ብርሃን አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። መጽሐፉ ስለ አዋሽ የሚለው በሁለት መስመር ያልቃል፤ ከምዕራብ ሸዋ ደጋ ይነሣል፣ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አቤ ሐይቅ ይገባል። ልጆቹ ግን በዚህ አይለቁኝም። አባይ ሜዲትራኒያን ድረስ ሲዘልቅ አዋሽ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ፣ ባሕሩ አጠገቡ ሆኖ፣ ለምን ይቀራል? አንዷ ተማሪ መልሴን ሰምታ ስታበቃ «እሺ፣ ግን ውሃው የት ሄደ?» አለችኝ። እሷን የሚያሳምን መልስ እፈልጋለሁ።

ያለንበት ቦታ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። የከተማችን በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ አባይ ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ ጥቂት ተጉዘን አንኮበር አፋፍ ላይ ብንቆም ደግሞ ከፊታችን የሚወርደው ውሃ በሙሉ የአዋሽ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ነገሩን በዓይናቸው ያውቁታል፤ የጎደላቸው የታችኛው ታሪክ ነው። በወንዙ ዳር የምትኖሩ፣ የተማራችሁትም ያያችሁትም ያላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉ።

ጠብታ

መምህር፣ ተማሪዎ ጥሩ ጠይቃለች። የውሃ ሀብት ባለሙያ ነኝ፤ በምችለው ልሞክር። ጥያቄዋ በውስጡ ሁለት ጥያቄ አለው፤ መሬቱ ለምን አያሳልፈውም የሚለው አንድ፣ ውሃው ለምን አይበቃም የሚለው ሁለት።

በመሬቱ ልጀምር። አቤ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ «ከባሕር በታች ስለሆነ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ አይሠራም። ከባሕር በታች ያሉት ሌሎች ናቸው፤ የዳናክል ዝቅታና የጅቡቲው አሳል ሐይቅ። አቤን ከብቦ የያዘው የባዛልት ተረተር ነው። አካባቢው ተሰነጣጥቆ ከፊሉ ሰምጦ ከፊሉ ቆሞ ስለቀረ ውሃ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም።

ይሁን እንጂ መውጫ የሌለው ጎድጓዳ ቦታም ቢሆን ውሃ ከበዛበት ሞልቶ መፍሰሱ አይቀርም። እዚህ ላይ ነው ሂሳቡ የሚመጣው። ደጋው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ አሳይታ አካባቢ ግን 200 አይሞላም። በዚያው በታችኛው ቆላ ክፍት ውሃ በዓመት በትነት የሚያጣው ከ2,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ወንዙ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚጨምርለት እያነሰ፣ የሚወስድበት እየበዛ ይሄዳል ማለት ነው። ሐይቁ የሚሰፋው በትነት የሚያጣው ወንዙ ካመጣለት ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው። ወንዙ ብዙ ካመጣ ይሰፋል፤ ካነሰ ይሸሻል። ስለዚህ «ውሃው የት ሄደ?» ላለችው ልጅ መልሱ አየር ላይ ነው የሚል ነው። ጨው ግን አይተንም፤ የአቤ ውሃ ለመጠጥም ለመስኖም የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የበቾ ልጅ

ስለ ታችኛው ስትነጋገሩ የላይኛውን እንዳትረሱብን። አዋሽ ከግንጪ በላይ ካለው ከደንዲ አካባቢ ደጋ፣ ከጭሊሞ ደን በኩል ይነሣል። እዚያ ላይ ያየው ሰው ይህ ውሃ አፋር ይደርሳል ብሎ አያምንም፤ ልጅ ዘልሎ የሚሻገረው ነው። ከዚያ በቾ ሜዳ ላይ ሲደርስ ሰነፍ ይሆናል። መሬቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ክረምት ላይ ዳር ዳሩን ለቅቆ ይተኛል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሜዳው ሐይቅ የሚመስልባቸው ዓመታት አሉ።

መምህር፣ ልጆቹን ስለ መረሬ፣ ስለዚያ ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ማስተማር ከፈለጉ ከበቾ የተሻለ ቦታ የለም። ሐምሌ ላይ ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ የነበረው ጥር ላይ እጅ እስከ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ ውሃው ሲሸሽ አፈሩ ይዞ ባስቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ከዘራ በኋላ ዝናብ ባይመጣም አይጨነቅም። ጤፉማ ይታወቃል፤ የበቾ ጤፍ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

እዚያው በታች መልካ ቁንጥሬ አለ። ወንዙ የቆረጠው ገደል ውስጥ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ ተደራርቦ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጪት ጥቁሩ የገሞራ መስታወት ያለበት ቦታ ነው፤ መሣሪያ ሠሪዎቹ ጥሬ ዕቃውን የሚያመጡት ከዚያ ነበር። ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ሰው ግን አይሄድም።

ባለ ተሳቢው

እኔ ጂኦግራፊ የተማርኩት በመሪ ነው። ጅቡቲ መስመር ላይ ለሚሠራ ሹፌር አዋሽ አብሮት የሚጓዝ ጓደኛ ነው፤ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጠፍቶ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ብቅ ይላል።

ከሞጆ ስትወጡ በስተደቡብ ቆቃ አለ። ከአዳማ ወደ መተሐራ ስትወርዱ ጆሯችሁ ይነግራችኋል፤ ሙቀቱም እንደዚሁ። መተሐራ ስትገቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቁር ድንጋይ ተዘርግቶ ታያላችሁ። አለት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ ሥር ፈልቆ የፈሰሰ ነው፤ ገና ሣር በወጉ አልያዘውም። በሰቃ ሐይቅ ደግሞ መንገዱን ከሁለት በኩል ይዞታል። የቀድሞ ሹፌሮች «ሐይቁ እዚያ ማዶ ነበር» ይላሉ። መንገዱ ከፍ ተደርጎ ተሠራ፣ የባቡሩም ሐዲድ ተነሣ፣ ውሃው ግን መምጣቱን አልተወም።

አዋሽ ሰባት ኪሎ አጠገብ ወንዙ ገደል ገብቷል። ድልድዩ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ብታዩ ያ በቾ ላይ የተኛው ውሃ ይህ ነው ወይ ትላላችሁ። ከዚያ አዋሽ አርባ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሠመራ። ገዋኔ ላይ የአየሉ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ ከሥሩ ረግረግ ነው፣ ወፉ ልክ የለውም። ከሚሌ በኋላ መስኮት መክፈት ዋጋ የለውም፤ ነፋሱ ራሱ ከምጣድ ላይ የተነሣ ነው።

ጥያቄ አለኝ፤ ዱብቲ ላይ ወንዙ ለምን ይታጠፋል? እስከዚያ ድረስ ከእኛ ጋር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲመጣ ቆይቶ በድንገት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ወደ አሳይታ ይሄዳል። ለዓመታት ያለፍኩበት ነገር ነው፤ መልሱን ግን የነገረኝ የለም።

ድንጋይ ቆጣሪ

> ዱብቲ ላይ ወንዙ ለምን ይታጠፋል?

ወንድሜ፣ በዚህ ክር ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። የመምህሩም ጥያቄ ግማሽ መልስ እዚህ ውስጥ አለ።

አዋሽ የራሱን ሸለቆ የቆፈረ ወንዝ አይደለም። ደጋውን እስኪለቅ ድረስ እንደ ማንኛውም ወንዝ ነው፤ ከቆቃ ወዲህ ግን የሚሄደው ተሰንጥቆ በተዘጋጀለት ቦይ ነው። አፍሪካ ለሁለት እየተከፈለች ነው፤ ምዕራቡ የኑቢያ ሰሌዳ (ሰሌዳ ማለት ትልቅ የምድር ቅርፊት ቁራጭ ነው)፣ ምሥራቁ የሶማሊያ ሰሌዳ። በመካከላቸው ያለው መሬት ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋ ስለሆነ አዋሽም በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል።

አፋር ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። የቀይ ባሕር ስምጥ እና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ስምጥ ከእኛው ጋር የሚገናኙት እዚያ ነው፤ ሦስተኛው፣ የዓረቢያ ሰሌዳ፣ እዚያ ላይ ይጨመራል። የቀይ ባሕር ስንጥቆች የሚሄዱት ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ዱብቲ ያለችበት የተንዳሆ ስምጥ ከነዚያ አንዱ ነው። አዋሽ ተንዳሆ ሲደርስ ከአንዱ ስንጥቅ ወጥቶ ሌላኛው ውስጥ ይወድቃል፤ አቅጣጫውን የሚቀይረውም በዚህ ምክንያት ነው። አዲሱ ስንጥቅ ይዞት የሚሄደው ወደ አውሳ ጎድጓዳ ሜዳ ነው። ከዚያ በኋላ እንደገና ሌላ ተረተር፣ ሌላ ጎድጓዳ፣ በመጨረሻም አቤ። ባሕሩ እስከ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የቀረው፤ መንገዱ ግን በተረተር ተዘግቷል።

ስለ ፈንታሌም ልጨምር። 2,007 ሜትር ከፍታ አለው፤ አናቱ ላይ ትልቅ የሰመጠ ጉድጓድ አለ። ባለ ተሳቢው ያየው ጥቁር አለት ወጣት የሚመስለው ወጣት ስለሆነ ነው፤ የመጨረሻው ፍሰት 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ለምድር ታሪክ ይህ ትናንት ነው። በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰው ከአልጋው ያስነሣው መንቀጥቀጥ የመጣውም ከዚሁ ከፈንታሌና ከዶፈን ተራራ መካከል ነው። ማግማ (የቀለጠ አለት) ከሥር በስንጥቅ ውስጥ ገፍቶ ሲገባ ከላይ ያለው መሬት ይከፈታል። መስከረም ላይ ጀመረ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ በረታ፣ ዶፈን አጠገብ እንፋሎት እየጮኸ ወጣ፣ የካቲት ላይ የደረሰው በመጠን 6 ገደማ ነበር። በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ቀየውን ለቀቀ። ገሞራው ግን አልወጣም፤ ማግማው ከሥር ቀረ። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2005 ከሠመራ ሰሜን ምዕራብ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ሸለቆው ያለቀለት ሸለቆ አይደለም፤ እየተሠራ ነው።

የወንጂ ተወላጅ

ድንጋይ ቆጣሪ የረሳው አንድ ነገር አለ። ያ የገሞራ አለት ውሃችን ውስጥ ገብቷል። ወንጂና መተሐራ ያደግን ሰዎች በጥርሳችን እንተዋወቃለን፤ ቡናማ መስመር ያለው፣ ፈገግ ስንል የሚታይ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከማላውቀው ልጅ ጋር ተያይተን «የት ሰፈር?» ተባብለናል፤ ሁለታችንም የስኳር ፋብሪካ ካምፕ ልጆች ነበርን።

ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። በጣም የሚያስቆጨው ደግሞ ችግሩን ያመጣው ንጹሕ የተባለው የጉድጓድ ውሃ መሆኑ ነው። የአዋሽ ውሃ ደፍርሶ ቡናማ ነው፣ ግን ፍሎራይዱ ከጥልቅ ጉድጓዱ ያነሰ ነው። ከሥር የሚወጣው ውሃ የጠራ፣ የሚያምር፣ ለረጅም ጊዜ ሙቅ የገሞራ አለት ውስጥ የቆየ ነው። ጥርስ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ዕድሜ ልካቸውን የጠጡት ሽማግሌዎች አንገታቸውና ጀርባቸው ይደርቃል፣ ጎንበስ ማለት ያቅታቸዋል።

ስኳሩን በተመለከተ፣ ወንጂ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 በሆላንዶች ኩባንያ ሲከፈት የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ ነበር። አዋሽ ባይኖር አገዳውም ባልኖረ።

ጠብታ

> ሐይቁ እዚያ ማዶ ነበር

ስለ በሰቃ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ከድንጋይ ቆጣሪ ጋር የምንጣላ ይመስለኛል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰቃ ሦስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ትንሽ ኩሬ ነው። ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ሌሎች ሐይቆች ሲሸሹ በሰቃ ግን ሰፋ። ያም የጀመረው በአቅራቢያው የመስኖ እርሻ ሲስፋፋ ነው። እርሻው ላይ የፈሰሰ ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል፣ የከርሰ ምድሩን ውሃ ያነሣል፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይወጣል። ጊዜው ይገጥማል፣ ቦታውም ይገጥማል።

ድንጋይ ቆጣሪ

እህቴ ጠብታ፣ አንጣላም፤ ግን መስኖ ብቻውን አይበቃም። ሐይቁን የሚመግቡት ምንጮች ሙቅ ናቸው፤ ከእርሻ የሰረገ ውሃ በራሱ አይሞቅም። ስንጥቆቹ ሲንቀሳቀሱ ከሥር ያለው ውሃ መንገድ ይከፈትለታል፣ ምንጩም ይበረታል። ፈንታሌ ሥር ያለ ሐይቅ ፈንታሌን አያውቀውም ማለት ይከብዳል።

ጠብታ

ሙቅ መሆኑን አልካድኩም። የሰረገው ውሃ ሙቁን ከሥር ገፍቶ ማውጣት ይችላል፤ ያን ጊዜ የምታየው ሙቅ ምንጭ ነው፣ ገፊው ግን መስኖው ነው። ለማንኛውም ሁለቱም ድርሻ እንዳላቸው የሚስማሙ ብዙ ናቸው። ለእኔ የሚያስፈራው መነሻው ሳይሆን መድረሻው ነው፤ የበሰቃ ውሃ ጨዋማ ነው፣ ፍሎራይድም አለበት፣ አዋሽ ደግሞ አጠገቡ ነው። ሐይቁ ራሱ ሞልቶ ወንዙን ከመቀላቀሉ በፊት በመጠን እየተለቀቀ እንዲወርድ ቦይ ተቆፍሮለታል። ያንን ውሃ ተቀብሎ የሚያጠጣው ግን የታችኛው ገበሬ ነው።

አውሲ

የታችኛው ገበሬ እኔ ነኝ። አሳይታ ተወልጄ እዚያው ነኝ።

እስካሁን የጻፋችሁትን አነበብኩ፣ ጥሩ ነው። ግን «ይቀራል»፣ «ይጠፋል»፣ «በረሃ ገብቶ ይሞታል» የሚለውን አነጋገር ብትተዉልን። አዋሽ እኛ ጋ አይጠፋም፤ እኛ ጋ ነው ሥራውን የሚሠራው። በአውሳ ሜዳ ላይ ተከፋፍሎ በብዙ እጅ ይፈስሳል፣ ከዚያ ገማሪና አፋምቦ ሐይቆችን እየሞላ ያልፋል። እነዚህ ሐይቆች ጨዋማ አይደሉም። ዓሣ አለ፣ አዞ አለ፣ ሸንበቆው ዳር ከብት ይጠጣል። አቤ ጨዋማ የሆነው መጨረሻው ስለሆነ ነው፤ ከሱ በፊት ያሉት ውሃ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ስለሆኑ ንጹሕ ናቸው። መምህር፣ ይህን ለልጆቹ ይንገሩልኝ፤ በአንድ ወንዝ ጫፍ ላይ ጣፋጭ ሐይቅና ጨው ሐይቅ ጎን ለጎን አለ።

ጎርፉም እንደዚሁ። ደለሉን ከሸዋና ከወሎ ደጋ ይዞ የሚመጣው ጎርፍ ነው ይህን ሜዳ የሠራው። ከብት አርቢው ደጋው ላይ ሲዘንብ ወደ ዳር ይወጣል፣ ውሃው ሲሸሽ ወደ ለመለመው ሣር ይመለሳል። ያ ሣር የበጋ ማለፊያ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፣ ያ የበጋ ግጦሽ ጥጥና አገዳ ሆነ፤ መጀመሪያ በመካከለኛው አዋሽ፣ በኋላም ዱብቲና እኛ ጋ። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ በጊዜው አፋሩ ራሱ ጥጥ እንዲያመርት ማድረጋቸው እውነት ነው፣ የተጠቀመም አለ። ግን ዝናብ ሲጠፋ የሚሸሽበትን ቦታ ያጣው አርብቶ አደር ምን እንደደረሰበት በ1960ዎቹ አጋማሽ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የታየ ነው። መተሐራ ላይ የከረዩ ኦሮሞ አርብቶ አደሩም የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ሲበዛም ሌላ ነው። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ አፋር ውስጥ ሰፈሮችን ከቦ ያዘ፤ ሰው በጀልባ ወጣ። ዝናቡ ግን እኛ ጋ አልነበረም፤ እናንተ ጋ ነበር።

የአቃቂ ነዋሪ

ደጋው የሚልክላችሁ ዝናብ ብቻ አይደለም እኮ። አዲስ አበባ የምትጥለውን ሁሉ አቃቂ ይሰበስባል፣ አዋሽ ይቀበላል። ሞጆም የቆዳ ፋብሪካው ቀለም አለ። ከድልድዩ ላይ ወንዙን በቀለሙ የፋብሪካውን የዕለት ሥራ መገመት የሚቻልበት ጊዜ ነበር። ተጠያቂው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ አንድም ሰው አይነካቸውም፣ ምክንያቱም

አወያይ

የመጨረሻውን ጽሑፍ ከመካከሉ ቆርጬዋለሁ። ስለ ብክለቱ መወያየት ይቻላል፤ ሰዎችንና ድርጅቶችን ያለ ማስረጃ በስም መክሰስ ግን በዚህ ክር አይቻልም። ስለ ሸለቆው ቀጥሉ።

መምህሩ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አውሲ፣ «ይቀራል» የሚለውን ከማስታወሻዬ ላይ ሰርዤዋለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የጥንት ሰው ቅሪቶቹ ድንቅነሽም አርዲም የተገኙት በዚህ ሸለቆ ነው፤ ሌላ ቦታ ሰው አልነበረም ወይ? ሁለተኛ፣ ቆቃን ማንም አላነሣውም።

ድንጋይ ቆጣሪ

ሰው ሌላም ቦታ ነበር። አጥንት ግን በሁሉም ቦታ አይቆይም። አዋሽ ሸለቆ ሦስት ነገር በአንድ ላይ አለው። መሬቱ እየሰመጠ ስለሆነ ሐይቅና ወንዝ ደለል ያለብሰዋል፣ አጥንቱም ተቀብሮ ይቆያል። አካባቢው የገሞራ አገር ስለሆነ በደለሉ መካከል አመድ ይገባል፤ የአመዱን ዕድሜ በላቦራቶሪ መለካት ስለሚቻል ከላይና ከሥር ያለውን አጥንት ዕድሜ እናውቃለን። በመጨረሻ ደግሞ መሬቱ እንደገና ሲሰነጠቅና ሲነሣ ጎርፍ ይሸረሽረዋል፣ የተቀበረው ይወጣል። ሦስተኛው ባይኖር ሁሉም እዚያው ከሥር በቀረ ነበር።

ሐዳር ላይ ኅዳር 1967 (እ.ኤ.አ. 1974) የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት። ዲኪካ ማዶ ያለችው ሕፃኗ ሰላም 3.3 ሚሊዮን። አራሚስ ላይ አርዲ 4.4 ሚሊዮን። ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የድንጋይ መሣሪያ፣ ሌዲ ገራሩ ላይ 2.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የመንጋጋ አጥንት፣ ሄርቶ ላይ ደግሞ 160 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው የእኛው ዓይነት ሰዎች። ሁሉም በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ናቸው። ለልጆቹ የሚገርማቸው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያን ጊዜ ሐዳር በረሃ አልነበረም፣ ዛፍና ሐይቅ ያለበት አገር ነበር።

ጠብታ

ቆቃን እኔ ልመልስ። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 ያለቀ ነው፤ ወጪው የተሸፈነው ኢጣሊያ ከጦርነቱ በኋላ ከከፈለችው ካሣ ነው። ከሱ በታች አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የሚባሉት የኃይል ማመንጫዎች ተከታትለው ተሠሩ። በዚያ ዘመን ለአገሪቱ መብራት ትልቅ ነገር ነበሩ፤ ዛሬ ኃይላቸው ከሌሎቹ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። ቆቃ አሁን ዋና ጥቅሙ የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ ለወንጂና ለመተሐራ እንዲሁም ለታችኞቹ እርሻዎች መልቀቁ ነው።

ችግሩ ደለል ነው። ከበቾና ከሞጆ በኩል የሚመጣው አፈር የግድቡን ከፍተኛ ክፍል በልቶታል። ግድብ በደለል ሲሞላ የሚይዘው ውሃ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ ጎርፍ የመቀበል አቅሙም ይቀንሳል፣ ክረምት ላይ በድንገት መልቀቅ ግድ ይሆናል። አውሲ የጠቀሰው ዓይነት ጎርፍ ሲመጣ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። እምቦጩም አለ፤ ሰው ጣና ላይ ሲያየው አዲስ መሰለው እንጂ ቆቃ ላይ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ነው።

ከጅቡቲ

ጅቡቲ ከተማ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። አቤን ያየሁት በዚህ በኩል ነው፤ በዲክሂል አድርጎ አስ ኤላ፣ ከዚያ ጠጠርና አሸዋ። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ማማ ነው፤ በረድፍ በረድፍ ቆሟል፣ ረጃጅሞቹ 50 ሜትር ይደርሳሉ። ከአንዳንዶቹ ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ ሙቁ ውሃ ለጥቂት ሜትሮች ፈስሶ አፈሩ ውስጥ ይገባል። በዚያች ጠባብ ርጥበት ላይ ብቻ ሣር አለ፣ ፍየል ተሰብስቦ ይግጣታል። ሌላው ቦታ ነጭ ቅርፊት ነው፣ ሲረገጥ ይሰበራል፤ ከሥሩ ጭቃ ነው፣ ያለ መሪ መሄድ አይገባም። ርቆ ፍላሚንጎ ይታያል።

መሪያችን ማማዎቹ የተሠሩት ውሃ ውስጥ ነው አለን። እውነት ነው ወይ?

ድንጋይ ቆጣሪ

እውነት ነው። ከሥር በካልሲየም የበለጸገ ሙቅ ውሃ ወደ ሐይቁ ሲገባ ከሐይቁ ውሃ ጋር ሲገናኝ ኖራው ይረጋል፣ እየተቆለለ ይሄዳል። 50 ሜትር ማማ ለመሥራት ቢያንስ ያን ያህል ጥልቀት ያለው ውሃ ያስፈልጋል ማለት ነው። ረድፍ የሠሩትም ምንጮቹ በስንጥቁ መስመር ላይ ስለሚወጡ ነው። ከሺዎች ዓመታት በፊት ዝናቡ በበዛበት ዘመን አቤ ከዛሬው በብዙ እጥፍ የሚሰፋ ሐይቅ ነበር። ከዚያ በተፈጥሮ ሸሸ። ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የሸሸው ግን በመስኖና በግድብም ነው፤ ይህን ጠብታ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ከሰሜን ምዕራብ ያለውን ተራራ አይተኸው ይሆናል፤ ደማ አሊ ይባላል፣ እሱም ገሞራ ነው። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1934 አዋሽን ተከትሎ አቤ ድረስ የሄደው ይህን ሁሉ በእግርና በግመል አልፎ ነው።

ባለ ተሳቢው

ያ እሾሃማ ዛፍስ? ከአዋሽ አርባ እስከ ሎጊያ መንገዱ ዳር አጥር ሆኗል። ድሮ ሳላና ሜዳ ፍየል ይታይ የነበረበት ሜዳ ላይ አሁን ከዛፍ በስተቀር ምንም አይታይም።

አውሲ

ፕሮሶፒስ ነው። በረሃውን ያለምልም ተብሎ በደርግ ዘመን መጥቶ ተተከለ፤ የእኛ ሰዎችም በዚያው «ደርጊ ሃራ» (የደርግ ዛፍ) አሉት። ከብት ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩ በሆዱ አልፎ ከነማዳበሪያው ሌላ ቦታ ይወድቃል። ጎርፍም ያደርሰዋል። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ድርቅ አይነካውም፣ ከቆረጡት በብዙ ቅርንጫፍ ይመለሳል። ከሥሩ ሣር አያበቅልም። ከብቱ ደጋግሞ ሲበላው ጥርሱ ይበላሻል። እሾሁ የግመል እግር ይወጋል፣ የመኪና ጎማም አይምርም፤ ባለ ተሳቢው ምስክሬ ነው።

ከሰል አክስሎ መሸጥ ለአንዳንዱ ኑሮ ሆኗል፣ አልነቅፍም። ግን ከሰል ለማክሰል ሲባል የሚቆረጠው ከሥሩ ካልተነቀለ ማብዛት ነው፣ ያም ፈቃድ በሌለበት ጊዜ የግራሩን ዛፍ አብሮ ይወስዳል። እውነተኛው መድኃኒት ነቅሎ መሬቱን ወዲያው ሣር ወይም እህል መዝራት ነው። በተወሰነ ቦታ ተሞክሮ ሠርቷል፤ ለዚያ ግን ውሃ ያስፈልጋል፣ ውሃውም ከላይ መለቀቅ አለበት።

መምህሩ

ልጆቹን ለትምህርት ጉብኝት ይዤ ለመውረድ ትምህርት ቤቱ ሊስማማ ይመስላል። አቤ ድረስ እንደማይሆን ገብቶኛል። የት ላይ ብንቆም ብዙ እናያለን?

ድንጋይ ቆጣሪ

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ። ፏፏቴው አለ፣ ባዛልቱ እንዴት እንደተቆረጠ በግልጽ ይታያል። ፓርኩ ውስጥ ያለው ፍልውሃ ከዘንባባዎቹ መካከል ይፈልቃል። ፈንታሌ ከፊት፣ በሰቃ ከጎን። ሳላውንም ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የሸለቆው ነገር በሙሉ በአንድ ቀን እጅ ላይ ያለ ቦታ ሌላ አላውቅም። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የመንቀጥቀጡን ሁኔታ ጠይቁ።

አውሲ

በኅዳርና በጥር መካከል ይምጡ። ውሃ በነፍስ ወከፍ ይያዙ፣ ልጆቹ ባርኔጣ ያድርጉ። ከፓርኩ አልፋችሁ እኛ ጋ መድረስ የምትችሉ ከሆነ ከዋናው የጅቡቲ መንገድ ወደ አሳይታ የሚገነጠለውን ይዛችሁ ኑ። ገማሪ ዳር የሚያሳያችሁ ሰው አፈላልግላችኋለሁ፤ በግል መልእክት ጻፉልኝ።

የበቾ ልጅ

መልካ ቁንጥሬ ግን መንገድ ላይ አይደለም አትበሉ። ለእሱ ሌላ ቀን ያዙ።